ዴልመር ሀች ከተማችን የመጣ ሰሞን

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ዝናብ። ሮይስን አጠብኩ፣ አለበስኩ። ቁርሱን ገፋው። ስትሮክ ግራ እጁን ከወሰደው ስምንት ወሩ። የሚያወራኝ "ውሃ" እና "ዝጊው" ብቻ ሆኗል። ባል ነው እንግዲህ...

ፖስታ ቤት ስሄድ ትንሿ ቲያትር ቤት በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ዴልመር ሀች፣ ከነጊታሩ፣ እሁድ ከሰዓት። ሁለቴ አነበብኩት።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

ነገርኩት። መንገር አልነበረብኝም?

"ያ ሌባ አልሞተም?" አለ።

ነገሩ አርባ ዓመት አለፈው። ሮይስ በዴልመር ባንድ ውስጥ ሁለተኛ ጊታር ይመታ ነበር። ቱልሳ ከተማ ላይ ጥለውት ሄዱ። በመጠጡ ነው አሉ። መጠጡ እውነት ነው። ግን ዴልመር ስም ያገኘው በሮይስ አጨዋወት ነው፤ ይሄም እውነት ነው።

"ከፈለግሽ ሂጂ" አለኝ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

ጎረቤቴ ናዲን ትኬት ይዛ መጣች። "እኔ አብሬው እቆያለሁ። አንቺ ከዚህ ቤት ካልወጣሽ ከሱ ቀድመሽ ነው የምትሞቺው" አለች። ለመከራከር አቅም አጣሁ።

እሁድ፣ ኦክቶበር 12

ሄድኩ። ሁለት መቶ ወንበር፣ ግማሹ ባዶ። ሁላችንም ሽበታም። ዴልመር ተቀምጦ ነው የተጫወተው። ጣቶቹ አብጠዋል። ፈጣኑ ቦታ ላይ ሲደርስ ሳተ... አቆመ።

"ይቺን ዜማ ድሮም አልችላትም ነበር" አለ። "የኔ አይደለችም። የአንድ የዚህ ከተማ ልጅ ናት። አስተማረኝ ብል ይቆጣኛል፣ ሰረቀኝ ነው የሚለው፤ ሮይስ ፔቲግሩ የሚባል ሰው ነው። ቱልሳ ላይ ጥዬው ሄድኩ። ዘመድ አለው እዚህ?"

እጄን አላነሳሁም። ለምን? ተናድጄ? ፈርቼ? ደክሞኝ ነው መሰለኝ።

ከዚያ ቀስ አድርጎ እንደገና ጀመረው፣ ጣቱ የማይደርስበትን እየተወ። እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ስምንት ወር ሙሉ ምንም ነገር እስከ መጨረሻው ሰምቼ አላውቅም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13

አልነገርኩትም። ሾርባው አረረ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ነገርኩት። ሁሉንም።

"ስሜን ጠራ? በሰው ፊት?"

"መቶ ሰው ይሆናል።"

"አንቺስ ምን አልሽ?"

"ምንም። ደክሞኝ ነበር፣ ሮይስ። ሌላ ነገር የምሸከምበት ጀርባ የለኝም። በስምንት ወር አንድ ቀን 'ደከመሽ ወይ' ብለኸኝ ታውቃለህ?"

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ።

"ጣቶቹ አብጠዋል ነው ያልሽው?"

"እንደ ቋሊማ።"

ሳቀ። በፊቱ አንድ በኩል ብቻ... ግን ሳቀ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

ናዲን ቲያትር ቤቱን ነዝንዛ የዴልመርን ስልክ አመጣች። ሮይስ ራሱ ደወለ። በሩን ዘግቼለት ወጣሁ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ስመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

"አሁንም ወሬኛ ነው" አለ። ሌላ የለም።

እሁድ፣ ኦክቶበር 19

ምሳ ባቄላና የበቆሎ ዳቦ። ሳህኖቹን ላነሳ ስል "ተይው። ደክሞሻል፣ ቁጭ በይ" አለ። በአንድ እጁ አጠበ። አንዱን ሰበረ። ብድግ ስል ዞር ብሎ አየኝ።

"ቁጭ በይ አልኩሽ እኮ፣ ኦፓል።"

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ጎንበስ ብሎ ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቀመ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። አልተነሳሁም።