ከዳይሬክተሩ ፊት ተቀምጬ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11፣ ሜልተን፣ አውስትራሊያ

ዛሬ ከምንሠራበት የመንግሥት ሆስፒታል አስተዳደር ጋር ስለ ኅብረት ስምምነቱ ተደራደርን። የጽዳት ሠራተኞችን ወክለን ከሠራተኛ ማኅበሩ ሰዎች ጋር የገባነው እኔና እትዬ ዘነበች ነን።

ዳይሬክተሩ ሲገባ ሳላስበው ብድግ አልኩ። ሌላ ማንም አልተነሳም። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ኖሬም እግሬ ገና አለቃ ሲያይ እንደሚነሳ የቀበሌ ባለጉዳይ ነው! እትዬ ዘነበች ቀሚሴን ሳብ አድርገው፣ በአማርኛ፣ "ተቀመጪ እንጂ! ለልመና አይደለም የመጣነው" አሉኝ።

ጥያቄያችን የሥራ ሰዓታችን፣ ሺፍታችን፣ ሲቀየር ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይነገረን የሚል ነው። እስካሁን በዋዜማው በቴክስት ነው የሚመጣልን። ዳይሬክተሩ "ይከብዳል" አለ። እትዬ ዘነበች በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው፣ "ለእኛም ከብዶናል። የልጅ ልጄን ማን ይጠብቅልኝ?" አሉት።

እሱም ጎንበስ ብሎ ያሉትን ጻፈ። የእትዬ ዘነበችን ቃል፣ ዳይሬክተሩ፣ በገዛ እጁ! እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እሺ ግን አላለም፤ መልሱን ሐሙስ እሰጣለሁ ብሏል። እንጃ።

ቤት እንደገባሁ አዲስ አበባ ለአባዬ ደወልኩለት። ሠላሳ ዓመት በመንግሥት መዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ሺፍቱ ምንም አልጠየቀኝም።

"ቆይ፣ ዳይሬክተሩን ተቀምጠሽ ነው ያናገርሽው?"

"አዎ አባዬ፣ ተቀምጬ።"

"እሱም ተቀምጦ?"

"እሱም።"

"እስቲ እንደገና ንገሪኝ" አለኝ፤ እሱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አለቃውን ቆሞ ነው ያናገረው።