አረፋ የሌለው ስኒ

ጥር 6
ምራቴ ዛሬም ኤስፕሬሶ አፈላችልኝ። ያን ማሽን ይዛ ከገባች ወዲህ ወጥ ቤቱ የእሷ ሆኗል። የተፈጨውን ቡና ማጥለያው ላይ ትጠቀጥቃለች፣ ቁልፉን ትጫናለች፣ ያጉረመርማል። የእሷ ስኒ ላይ ወፍራም አረፋ። የእኔ ላይ ሳሳ ያለ፣ ወዲያው የሚጠፋ። ለምን? ብጠይቃት፣ «ማሽኑ ነው እማማ፣ እንደ ስሜቱ ነው።» ማሽን ስሜት አለው?

ጥር 7
የእኔን ስታፈላ ጀርባዋን ትሰጠኛለች። ሁልጊዜ።

ጥር 9
ሥራ ስትሄድ የማሽኑን መመሪያ አነበብኩ። ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን፣ ከልጄ ደብተር ላይ ነው፤ ቀስ እላለሁ እንጂ አልዘልም። ቡናው ከቆየ አረፋ አይወጣውም ይላል። አሃ... የቆየው ለአሮጊቷ! መደርደሪያውን ፈተሽኩ። ከዱቄቱ ጀርባ ሌላ ጣሳ፣ ምንም ያልተጻፈበት። ማታ ለልጄ ብነግረው፣ «አንቺ ደግሞ ፖሊስ ሆንሽ» ብሎ ሳቀ። ግን ዓይኔን አላየኝም። እሱም አለበት?

ጥር 10
የሁለቱን ጣሳ ቡና ለዋወጥኩት። እስቲ እሷም ትቅመሰው።

ጥር 11
የእኔ አረፋ የማር መልክ ነበረው። ድገሚኝ አልኳት። ለሥራ ቸኩላ ስለነበር ልብ አላለችም።
እሷ ገና ኮቷን ሳትለብስ የእኔ ልብ በአፌ ልትወጣ ደረሰች። ወደቅኩ። ከሥራ ቀርታ አልጋው ጫፍ ላይ እጄን ይዛ ዋለች። ጣሳዎቹን አሽትታ ነገሩ ገብቷታል። የእኔው ካፌይን የወጣለት ቡና ኖሯል። ሐኪሙ ለልብሽ ብለሽ ቡና ተዪ ሲለኝ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ስለሆንኩ፣ ከልጄ ጋር የመከሩት ነው።
«ብንነግርዎ አይጠጡትም፣ እማማ። ካልጠጡ ደግሞ ያኮርፋሉ።»
ምን አፍ አለኝ? ባሌን ሐኪም ቡና ሲከለክለው ገብስ ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ ቡና ነው ብዬ ያጠጣሁት እኔ አይደለሁም? የመጨረሻዋን ስኒ ሳይቀር። እንደተታለለ ሄደ እያልኩ ስንት ዘመን አንገበገበኝ... እሱ ግን ጠዋት ጠዋት፣ «ዛሬስ አሳምረሽዋል» ይለኝ ነበር።

ጥር 13
ዛሬ ጀርባዋን አልሰጠችኝም። ከዚያው ካፌይን ከወጣለት ቡና በማንኪያ ዝቃ፣ ጠቅጥቃ፣ ስኒውን አቀበለችኝና ከንፈሯን እየነከሰች ቆመች። ቀመስኩት። አረፋ የለው፣ ጉልበት የለው።
«ዛሬስ አሳምረሽዋል» አልኳት።
ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው የገባኝ። ያውቅ ነበር፣ ያ ሰውዬ።