ግማሽ ጆንያ ብቅል

ቦንጋ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሚዜዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? በክረምት የሚነሳብሽ የጉልበት ሕመም ተሻለሽ ወይ? ዋጫስ ዝናቡ አባራላችሁ? እኛ ዘንድ አላባራም፤ ብልጭ የምትለውን ፀሐይ እየጠበቅን ብቅል እናሰጣለን፣ ሲያካፋ ደግሞ እየሮጥን እናነሳለን። እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። «ከናፍቆትሽ በስተቀር» ብዬ እንዳልጽፍልሽ ውሸት ይሆንብኛል። ስልኬን ከዘጋሽብኝ ሁለት ዓመት ስለሆነ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ሾፌሩ ከሚል ዕቃ ሊያራግፍ ዋጫ ሲመጣ በእጅሽ እንዲሰጥሽ፣ ለሌላ ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ።

ኢሳያስን ከቤት እንዳስወጣሽው ሰማሁ። ልብሱን በፌስታል አድርገሽ ደጅ አስቀመጥሽለት አሉ። «በሽማግሌ ፊት ያዋረደኝ ውሸታም እኔ ቤት አያድርም» ብለሽ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኽሽ አሉ። እሰይ! እሰይ ብዬሻለሁ። የኔ ባል ሆኖ ከኔ ቤት ወደ አንቺ ሲመላለስ፣ «ለሥራ ወጥቼ ነው» እያለኝ ሲገባ፣ ያን ጊዜ ውሸታም አልነበረም? ያን ጊዜማ ውሸቱ ላንቺ ይጣፍጥሽ ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ አንድም ቀን አልረሳሁም። በሠርጌ ቀን ላቤን በመሐረብ የጠረግሽው አንቺ ነሽ። ጫማዬ ሲያሳምመኝ የራስሽን አውልቀሽ አደረግሽልኝ። ከሁሉ ስጦታ ትልቁንም ያመጣሽው አንቺ ነሽ፤ ያንን ቀይ አይስ ቦክስ። ለስላሳውም ቢራውም በእሱ ውስጥ በበረዶ ቀዝቅዞ ነበር የቀረበው፤ እንግዳው ሁሉ «የማን ነው?» ሲል «የሚዜዬ» እያልኩ ስኮራ ዋልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ፣ እኔ ነኛ ያ ሰው።

አንድ ነገር ደግሞ ከዚያም በፊት አለ፣ ትዝ ይልሽ እንደሆነ። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነን ነው። እናቴ ቢታ ገነት ለቅሶ ሄዳ፣ ለማኅበር የሚሆነውን ብቅል እንድናደርቅ ለሁለታችን ሰጥታን ነበር። ስምንት ቀን ሙሉ ዘነበ። «እሳት ላይ ትንሽ እናመሰው፣ ማን ያውቃል?» ያልሽው አንቺ ነሽ። አመስነው፣ ደረቀ፣ አማረም። ጠላው ግን ጠላ ሳይሆን ቀረ፣ እናቴ በማኅበርተኛው ፊት አፈረች። ከማኅበሩ ስትመለስ ጠርታን ከኛውም፣ እሷ ቀድማ በፀሐይ ካደረቀችውም ብቅል አንዳንድ ፍሬ አስቆረጠመችን። ፀሐይ ያደረቀው ሲያላምጡት ይጣፍጣል፤ እሳት ያገኘው ቆሎ ቆሎ ይላል። «ይሄኛው ሞቷል፤ የሞተ ብቅል ማር አይወጣውም» አለችን። ከዚያ የተገረፍኩት እኔ ብቻ። አንቺ የሰው ልጅ ነሽ ተብለሽ ቤትሽ ተሸኘሽ። ሐሳቡ ያንቺ እንደነበር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ወደዚያ ቀይ ሣጥን፣ ወደ አይስ ቦክሱ ልመለስ። ኢሳያስ አንቺ ዘንድ ጠቅልሎ ሲገባ ሣጥኑ እኔ ጋ ቀረ። ያን ጊዜ አይስ ቦክስ መሆኑ ቀርቶ የብቅል መዘፍዘፊያ ሆኗል። ከታች በጎኑ ተበስቶ ቧንቧ ተገጥሞለታል፤ ከውስጥ ወለሉ ላይ በመጋዝ የተሰነጣጠቀ ቱቦ ተኝቷል፣ ፈሳሹን አሳልፎ ገለባውን እንዲያስቀር። ቅዝቃዜ የሚይዝ ዕቃ ሙቀትም ይይዛል። የተፈጨ ብቅል ትጨምሪበታለሽ፣ ያልፈላ ግን ክንድ የሚለበልብ ውሃ ታፈሺበታለሽ፣ ትከድኚዋለሽ። ከሰዓት ተኩል በኋላ ቧንቧውን ስትከፍቺ ማር የመሰለ ይወርዳል። እሱን ነው በጌሾ አፍልቼ የምጠምቀው። ጠላም አይባል ቢራም አይባል፤ እዚህ ያለው ሎጅ ለእንግዶቹ በየሳምንቱ ይወስድልኛል። ባል የሄደባት ሴት አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄደው በዚያ ሣጥን ነው።

ይህንንም አየሽብኝ። ሣጥኑን ለማስመለስ ሽማግሌ የመላኩ ሐሳብ የኢሳያስ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እሱ ሸሚዙን እንኳ ጠይቆ የማይወስድ ሰው ነው። ጋሽ ወልደ ማርያም ሁለት አባቶች አስከትለው መጡ። ኢሳያስ «ሣጥኑን በገዛ እጄ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ሎጁም የኔን ሥራ ነው የሚገዛው» ብሏል አሉኝ። «ልጄ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። አልማልኩም። አልካድኩምም፣ ይህን ልብ በይልኝ። «አባቶቼ፣ እጅ አይዋሽም። ሣጥኑን የሚያውቅ ይዘፍዝፍበት፣ እናንተ ቅመሱ» አልኩ። ደስ አላቸው። ጋሽ ወልደ ማርያምም አድልዎ እንዳይኖር ብቅሉ ለሁለታችንም ከአንድ ቤት ይሁን፣ ከኔ ይምጣ፣ እያንዳንዳችን ለየራሳችን እናስፈጭ አሉ። ብቅሌ ንጹሕ ነው ተብሎ በከተማው የታወቀ ነው። ሐሙስ ዕለት አንድ ጆንያ በከሚል መኪና ላክሁላችሁ።

ቅዳሜ ጋሽ ወልደ ማርያም ግቢ የሆነውን አንቺም አይተሻል፤ አጥሩ ሥር ቆመሽ ነበር። ሸሚዙን ተኩሰሽለት ነበር፣ እጥፋቱ ቢላ ነው። እሱ ቀደመ። ውሃውን በክንዱ ለካ፣ ጨመረ፣ አማሰለ፣ ከደነ፣ ጠበቀ። ቧንቧውን ሲከፍት ነጣ ያለ ወፍራም ነገር እየተጎተተ ወጣ። ጋሽ ወልደ ማርያም በጣታቸው ቀምሰው «ይህስ ለአራስ የሚሆን ሙቅ ነው» አሉ፣ ግቢው በሳቅ ተሞላ። ኢሳያስ ራሱም ቀመሰ። አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፣ «ውሃው ልክ ነበር» አለ። ያንንም እኔን እያየ ነው ያለው።

ከሰዓት በኋላ በዚያው ሣጥን እኔ ዘፈዘፍኩ። ሽማግሌዎቹ ጣታቸውን እየላሱ ፈረዱልኝ። አንቺ ፍርዱን እንኳ አልጠበቅሽም፤ እሱን ጥለሽ ብቻሽን መኪና ተሳፈርሽ። እሱ በእግሩ ወደ መናኸሪያ ሲወርድ ከኋላው አየሁት። ያ የተተኮሰ ሸሚዝ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ነበር።

አሁን ሚዛን ከተማ ሄዷል አሉ፤ ስልኩንም አጥፍቷል። እንግዲህ አይመለስምና እውነቱን ልንገርሽ። ሣጥኑን የሠራው እሱ ነው። አንድ ክረምት ሙሉ ከሥራ መልስ ቱቦውን በመጋዝ ሲሰነጥቅ ጫፉን ይዤ የምቀመጥለት እኔ ነበርኩ። ሦስት ጊዜ አፈሰሰ፣ ሦስት ጊዜ ፈታው። ውሃ በክንድ መለካት ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ከኔም የተሻለ ይለካል። ለሽማግሌዎቹ ከተናገረው አንድም ሐሰት አልነበረበትም። እኔን ዋሽቶኛል፤ አንቺን ግን አልዋሸሽም። አንቺ ነሽ ያላመንሽው።

ሰሞኑን ቧንቧው ያንጠባጥብብኛል። ሁለት ባለሙያ አሳየሁት፣ አላወቁበትም። ለጊዜው በጨርቅ አስሬዋለሁ። ይህን የምጽፍልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ ሳላጎድል ልንገርሽ ብዬ ነው።

ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነውና ስላንቺ አልጸልይም። ግን ሚዜዬ ነሽ፣ ሳልመርቅ አልሰናበትሽም። ጤና ይስጥሽ፤ ጉልበትሽን ይማርልሽ። ቤትሽን ሰላም ያድርገው፣ ለአንድ ሰው ሰፊ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ዕድሜሽን ያርዝመው፣ አስበሽ የምትጨርሺበት ጊዜ እንዳታጪ።

አንድ የቀረኝ ነገር፦ ከላክሁት ጆንያ ያስፈጨው ግማሹን ብቻ ነው አሉ፣ ግማሹ ጓዳሽ ተቀምጧል። ለዶሮ እንዳትበትኚው። እጅሽን አስገቢና እናቴ ያን ጊዜ እንዳስቆረጠመችን አንድ ፍሬ ብቻ ቆርጥሚ።

ሙሽራሽ