የእማማ ፕሉሚ ሙጫ

ሜስታ፣ ኪዮስ ደሴት፣ ነሐሴ

አንጌሩ ሆዴ፣

ትናንት ጠዋት ወደ እናትሽ፣ ወደ እማማ ፕሉሚ ማሳ ወረድኩ። ሙጫው የሚታኘከው የማስቲካ ቁጥቋጦ ሥር ተንበርክከው፣ ከግንዱ ነጩ አፈር ላይ ተንጠባጥቦ የደረቀውን ሙጫ ይለቅሙ ነበር። እዚያ ፒሬዎስ ከተማ ለጨጓራሽ የምትውጪው የማስቲካ እንክብል ሽታ የለውም፤ የዚህኛው ጠረን ግን ልብስ ላይ ይቀራል። አብሬያቸው ስለቅም አረፈድኩ። ስለ አንቺ አንድም ቃል አልጠየቁኝም። ሳታስፈቅጃቸው ካገባሽ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ፤ እኔም ስምሽን ማንሳት ፈራሁ።

ልሰናበታቸው ስነሳ ቀና ሳይሉ፣ «ስታማቲያ፣ እዚያ ፒሬዎስ ጨጓራዋን የሚያማት ሰው ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አንዷን አውቃለሁ።»

«አሁንም ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል?»

«አዎ፣ እማማ። ቡናም አልተወችም።»

«ድሮስ መቼ ሰው ሰምታ ታውቃለች» አሉና ከሽርጣቸው ኪስ በመሀረብ የተቋጠረ ሙጫ አወጡ። የዘንድሮ የመጀመሪያ ለቀማ ነው፣ እንደ ብርጭቆ የጠራ። «ጠዋት በባዶ ሆዷ ታኝከው። መጀመሪያ ይመራል፤ ቶሎ እንዳትተፋው በያት።»

«እኔ አልወስድላትም፣ ራሷ መጥታ ትቀበልዎት» ብዬ መለስኩላቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «የፒሬዎሱ መርከብ መቼ ነው የሚገባው?» አሉኝ።

«ቅዳሜ ሳምንት» አልኳቸው።

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ እኔም ናፍቀሽኛል። ዛሬ በደጃቸው ሳልፍ የድሮ አልጋሽን አንሶላ አጥበው አስጥተውት አየሁ።

ስታማቲያ