ለጥርኞቻችን ስላቆሙልን ቀስት

ለክቡር አቶ ለይኩን
የዱር ሀብት ማስተዋወቂያ ማስተባበሪያ ኃላፊ
ሶምቦ ገራ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። የዘንድሮው ክረምት ለጉልበት የማይመች ቢሆንም፣ እርስዎ ከመኪናዎ ሳይወርዱ ሥራዎን የሚያከናውኑ በመሆንዎ ጭቃችን እንዳልነካዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና የመንደራችን የዱር እንስሳት ጠባቂ ማኅበር አባላት ደኅና ነን። ከምንጠብቃቸው እንስሳት መካከል ግን ደኅና ያልሆነ አለ፤ የምጽፍልዎትም ስለዚሁ ነው።

ይህን ደብዳቤ በባጃጅ መቆሚያው ግድግዳ ላይ የሚያነብ መንገደኛ ግር እንዳይለው፣ እርስዎ የሚያውቁትን ልድገመው። ማኅበራችን ከአጋሮ መንገድ በታች ባለው የቡና ጫካ የሚኖሩትን ጉሬዛ፣ ድኩላና ጥርኝ እየተከታተለ የሚመዘግብ፣ ወጥመድ ሲያገኝ የሚነቅል፣ ደመወዝም አበልም የሌለው የገበሬዎች ስብስብ ነው። ባለሙያዎ አቶ ዮኤል መጥተው ጥርኞቹ የሚጸዳዱበትን ቦታ እንድናሳያቸው በትሕትና ጠየቁን። ጥርኝ በደረሰበት አይጸዳዳም፤ የመረጠው ቦታ አለው፣ ወደዚያው ይመላለሳል። ስለዚህ ያንን ቦታ ያወቀ ሰው እንስሳውን ለመያዝ ሌላ እውቀት አያስፈልገውም። ለሽቶ የሚሸጠውን ዝባድ ፈልገው ጥርኝን ቀፎ በሚሉት ጠባብ የቀርከሃ ማጎሪያ የሚያስሩ ሰዎች ስላሉ፣ ቦታውን ለገዛ ልጆቻችን እንኳ ሳንናገር ኖረናል። ለአቶ ዮኤል ግን መንግሥት ናቸው ብለን አሳየናቸው፤ አደራም አልናቸው። ደረታቸውን መትተው ተቀበሉ።

እነሆ ምስጋናዬ፣

1ኛ. እኛ ለዓመታት የደበቅነውን ቦታ እርስዎ በአንድ ረፋድ የሰሌዳ ምርቃት፣ በድንኳንና በድምፅ ማጉያ ስለገለጡልን እናመሰግናለን። ከባጃጅ መቆሚያው ፊት ለፊት ያቆሙት ሰሌዳ «የጥርኝ መገኛ፣ በእግር አሥር ደቂቃ» ይላል። ከሥሩ ያለው የብረት ቀስትም በትክክል ወደ ቦታው ያመለክታል። ለመንደራችን የጤና ኬላ ምልክት ስንለምን ከኖርንበት ጊዜ አንጻር፣ ጥርኝ ከእኛ ይልቅ መከበሩ ደስ ያሰኛል።

2ኛ. ስለ ሥዕሉም እናመሰግናለን። የማኅበራችን አባል ወይዘሮ ረይሃና ሰሌዳው ላይ ያለውን አውሬ ትኩር ብለው ካዩ በኋላ፣ «ወላሂ ጋሼ፣ ይሄ ጫካችን ቢገባ ጥርኞቹም ጥለውልን ይሄዳሉ» አሉኝ። ምነው ክቡር ሆይ፣ ሥዕሉ እንደተሳሳተ ሁሉ ቀስቱም ተሳስቶ በነበረ።

3ኛ. ሰሌዳው በቆመ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሰው በሞተር ብስክሌት፣ የቀርከሃ ቀፎ ከኋላው ጭኖ መጥቶ፣ እኔው ደጃፍ ቆሞ በጨዋ ደንብ ሰላምታ ሰጠኝና «አባባ፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ቦታ በዚህ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። አይደለም አልኩት። ዋሽቼዋለሁ፤ ቢሆንም ከእኔ ይልቅ የእርስዎን ቀስት አመነ። በማግስቱ ንብ አናቢው ሙስዓብ ያንኑ ሰው ከጫካ ሲወጣ አገኘው፤ በቀፎው ውስጥ ያለውን ጥርኝም ከተቆረጠ ጆሮው አወቀው። ያ ጥርኝ በማኅበራችን መዝገብ የመጀመሪያው ነው፤ እየተመላለስን ያየነው፣ ከልጅነቱ የምናውቀው። ሙስዓብ መንገድ ዘግቶ ቢከለክለው ሰውየው ሳይቆጣ፣ ልጅን እንደሚያስረዳ ሰው ዝግ ብሎ፣ «መንግሥት ራሱ ያሳየኝ ቦታ ነው፤ አንተ ማነህ?» አለው። ሙስዓብ ከመንገዱ ዞር አለለት፤ ሰውየውም ጥርኙን ይዞ ሄደ። ለጥያቄው መልስ እኔም እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም፤ እርስዎ ካለዎት ይላኩልኝ።

4ኛ. ሰሌዳው እንዲወርድ ለማመልከት ወደ ቢሮዎ ስንመጣ ስላስቀመጡልን አግዳሚ ወንበር እናመሰግናለን፤ በደንብ አውቀነዋል። የተሰጠን መልስ ሰሌዳው የተመዘገበ ንብረት በመሆኑ ያለ ኮሚቴ ውሳኔ ከቦታው ሊነሳ እንደማይችል፣ ኮሚቴውም ከክረምቱ በኋላ እንደሚሰበሰብ የሚገልጽ ነበር። በዚያው ቦታ አጠገብ ግን አንዲት እናት ጥርኝ አለች። ዓይናቸውን በቅርቡ የገለጡ ልጆቿን ከወደቀ ግንድ ሥር አስቀምጣለች። እርሷም እንደ ሌሎቹ ወደዚያው ቦታ ትመላለሳለች። ባለቀፎው የሚፈልገው ወንዱን ነው ይሉኛል፤ ወጥመድ ግን ወንድና ሴት አይለይም። እርሷ ከተያዘች ልጆቿ የእርስዎን ኮሚቴ የሚጠብቁበት ወተት የላቸውም።

ሙስዓብ ሰሌዳውን በመጥረቢያ እንገንድሰው ብሎ ነበር። የመንግሥት ንብረት አይገነደስም ብዬ የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ በዚህም ከእኔ ጋር አኩርፏል። ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰሌዳው ይቆይ፣ ሥዕሉም ይቆይ፣ ስምዎም በወርቃማ ቀለም ከሥሩ እንደተጻፈ ይቆይ፣ ቀስቱን ብቻ ያንሱልን።

ቢሮዎ እንዲሰፋ፣ ድንኳንዎ እንዳይቀደድ፣ ድምፅ ማጉያዎም እንዳይደክም ከልብ እየተመኘሁ፣ አደራ የሰጠሁበትን ቀን ሁልጊዜ የማስታውስ አክባሪዎ ነኝ፤

ሀብተጊዮርጊስ ዘለቀ
የማኅበሩ ሰብሳቢ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ጽፌ እንደጨረስኩ ኮሚቴዎን ማስቸገሩ ከበደኝ። ስለዚህ ዛሬ ረፋድ ላይ፣ ገበያተኛው ሁሉ እያየኝ፣ የቀስቱን ብሎን አላልቼ አዞርኩትና መልሼ አጠበቅሁት። ንብረቱ ከቦታው አልተነሳም፣ አልተገነደሰም፣ አንዲት ብሎንም አልጎደለችም። አሁን የሚያመለክተው ወደ እርስዎ ቢሮ ግቢ ነው፤ በእግር አሥር ደቂቃ የሚለውም፣ ሄጄ እንዳየሁት፣ ትክክል ነው። ባለቀፎው ከጥቂት ጊዜ በፊት፣ የሚያውቀውን መንገድ ትቶ ዛሬም ቀስትዎን አምኖ፣ በዚያው አቅጣጫ አልፏል። ዘበኛዎ በር ላይ ቢያቆመው ምን ብሎ እንደሚመልስለት እርስዎም ያውቁታል።