ወንዶቹን ነፋስ ብቻ ለሚገድልበት ቤት አለቃ

ለተከበሩ የድዋን ዘር አለቃ፣ ለጋሼ ክዋት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ። ምኞቴን ለወግ ያህል ብቻ አይቁጠሩት፤ ምክንያቱን ከደብዳቤው መጨረሻ ያገኙታል። እኔ ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል፤ እርስዎ ገና ሃምሳ ስድስትዎ ነው። ሆኖም ከበኩሩ ልጅ ወገን በመወለድዎ በዘራችን ሥርዓት ታላቄ ነዎትና፣ በልጅነትዎ ንፍጥዎን የጠረገው እጄ ዛሬ «ጋሼ» ብሎ ሲጽፍልዎ ታላቅ ክብር ይሰማዋል። ደብዳቤውን አያቶቻችንን በምናስብበት አዳራሽ በር ላይ የለጠፍኩትም ማንም ይህ ክብር እንዳይቀርበት ብዬ ነው።

ጉዳዩ የልቤ ነው። በከተማው ሆስፒታል ዶክተር ሂየን የምትባል ሐኪም የልቤ ግድግዳ ወፍሮ የደሙን መውጫ እንዳጠበበው፣ በሽታውም ከዘር የሚወረስ እንደሆነ ነገረችኝ። «እማማ፣ ክኒኑ ልብዎን ያረጋጋዋል፣ ትንፋሽም ያገኛሉ፤ ግን ዕድሜ ልክ መዋጥ ነው። ቀዶ ሕክምናው የወፈረውን ሥጋ ይቀንሰዋል፤ ግን በእርስዎ ዕድሜ ደረት መክፈት ቀልድ አይደለም። እስቲ ይንገሩኝ፣ ከዘመድዎ ድንገት ወድቆ የሞተ አለ? ካለ በክኒን ብቻ አልሸኝዎትም» አለችኝ። መልሱ ያለው እርስዎ ቆልፈው በያዙት የዘር መዝገብ ውስጥ ስለነበር በአያቶች መታሰቢያ ግብዣ ዕለት መጥቼ ለመንኩዎት። ስላደረጉልኝ ሁሉ እንደሚከተለው አመሰግናለሁ።

አንደኛ፦ በሰባ ሰው ፊት፣ የዶሮ እግር በእጅዎ እንደያዙ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ያገባች ሴት የባሏ ቤት ናት፤ ስምሽ የሌለበትን መዝገብ ምን አገባሽ?» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። እውነትዎን ነው፤ መዝገባችን ሴት አይጽፍም። በሽታው ግን ማንበብ አይችል ኖሮ እኔንም ከወንዶቹ ጋር ቆጠረኝ።

ሁለተኛ፦ «በድዋን ቤት የታመመ ልብ የለም! ዘንድሮ ሁለት ወንዶች ልጆች እንድራለን፤ ይሄ ወሬ ከወጣ ማን ሴት ልጁን ይሰጠናል?» ብለው ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ሙሽሪቶቹ ነገሩን መበለት ሲሆኑ ይደርሱበታል፤ የሠርጉ ድግስ ግን አይበላሽም።

ሦስተኛ፦ ጭቅጭቄ ሲሰለችዎ መዝገቡን ገልጠው የሟቾቹን አሟሟት ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ። አባቴ፣ ነፋስ መታው። አጎቴ፣ ነፋስ መታው። የአጎቴ ሁለት ወንዶች ልጆች፣ ነፋስ መታቸው። ወንድሜ ቲን፣ በአርባ አንድ ዓመቱ፣ ነፋስ መታው። ጎረቤቶቻችን በዚያው ማሳ፣ በዚያው ነፋስ ሩዝ እየተከሉ ሰማንያ ዓመት ሲኖሩ፣ ነፋሱ የድዋንን ወንዶች ብቻ በስም እየጠራ መምታቱ የዘራችንን ልዕልና ያሳያል። ቲን የሩዝ ነዶ ተሸክሞ ሲወድቅ ሰው መኪና ፍለጋ ሊሮጥ ሲል፣ «ነፋስ ነው፣ ጀርባውን ፋቁት!» ብለው ያዘዙት እርስዎ ነበሩ። ቆዳው ሲቀላ ነፋሱ ይወጣል በሚለው ልማዳችን ጀርባውን በዘይትና በሳንቲም ፋቃችሁት፤ የሬሳ ጀርባ እንደማይቀላ እስክታስተውሉ ድረስ ፋቃችሁት። ስለዚህኛው አላመሰግንዎትም፤ ይቅርም አልልዎትም።

አራተኛው ምስጋና የእርስዎ ሳይሆን እንደኔው መዝገቡ የማያውቃቸው የሟቾቹ ሚስቶች ነው። ሦስቱ በሕይወት አሉ፤ ቤት ለቤት ሄጄ ጠየቅኋቸው። ጥርሷ ያለቀው የአጎቴ ሚስት፣ «የምን ነፋስ? በር ዘግተን ምሳ እየበላን ነበር እኮ! ሳህኑን እንደያዘ ዝም አለ፤ እኔ የተቆጣኝ መስሎኝ ሳኮርፈው ቆየሁ» አለችኝ። የሌሎቹም ነገር ያው ነበር።

ይህን ለሐኪሟ ነገርኳት። ስለዚህ በመጪው ወር ደረቴ ይከፈታል፤ ልቤ ድንገት ምቱን ቢስት የሚመልሰው መሣሪያም በደረቴ ውስጥ ይቀበርልኛል። ፈርቻለሁ። ክኒኔን ውጬ ደጄ ላይ መቀመጥ በጣም እመርጥ ነበር፤ ነገር ግን ወንድሜ እንደሞተው መሞት አልፈልግም። ከቀዶ ሕክምናው ባልነሣ እንኳ፣ በመዝገብዎ ስለማልጻፍ ነፋሱ በእኔ ሞት ስሙ ከመጥፋት ይተርፋል።

ለአያቶች ክብር ሲሉ የልጅ ልጆችን ለመሠዋት ወደ ኋላ የማይሉትን እርስዎን ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ፣ በመዝገብዎ የሌለች፣ በደምዎ ግን ያለች ታናሽ እህትዎ፣

ድዋን ቲ ልዋ

ማስታወሻ፦ በግብዣው ዕለት ወደ አዳራሹ የሚያስገቡትን ሰባት ደረጃዎች ሲወጡ ሦስት ጊዜ ቆመው ደረትዎን ሲይዙ አይቻለሁ። ዶክተር ሂየን፣ «ከዘመድዎ ደረጃ ሲወጣ እንዲህ የሚሆን ካለ ቶሎ ይላኩልኝ» ብላኝ ነበር። በድዋን ቤት የታመመ ልብ የለም ብለው ስለወሰኑ፣ ቃልዎን አክብሬ ማንም የለም አልኳት። ለመዝገብ ጸሐፊያችንም አዲስ ብዕር ልኬለታለሁ፤ የሚጽፋቸውን ሁለት ቃላት ማስጠናት አላስፈለገኝም።