ዓይን ያጣው ሽመላ

ልጄ ሺዮሪ፣ ያለሽበት አገር አየሩም ሰዉም ይስማማሽ፤ ያረፉት አያቶችሽ ካሉበት ይጠብቁሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽ ወገብ ብቻ ያው እንደ ልማዱ ነው።

ዘንድሮ ማሳችን ላይ ቀለሙ የተለያየ ሩዝ ተክለን ትልቅ ሽመላ ሳልን። መድኃኒት ስለማንረጭ አረሙን የምንነቅለው በእጃችን ነው። አባትሽ ታዲያ ጥቁሩን ሩዝ አረም መስሎት የሽመላውን ዓይን ነቅሎ ጣለው! ጎረቤታችን ቶሜኮ ሥዕሉን ከላይ ለማየት የተሠራው ማማ ላይ ወጥታ፣ «ኧረ ኤይሳኩ፣ አሳወርከው እኮ!» ብላ መንደሩን አሳቀችበት። እሱም አኩርፎ ከቤት አልወጣም አለ።

ትናንት ግን እውነተኛ ሽመላ እንቁራሪት ሊለቅም መጥቶ ልክ በተነቀለው ዓይን ቦታ ላይ ቆመ። አባትሽን ጎትቼ ማማው ላይ አወጣሁት። «ቦታ ለቅቄለት እኮ ነው!» አይለኝም?

ዕድሜሽ ይርዘም፣ እጅሽ ይባረክ። ሽመላው ሳይጠራ መጣ፤ አንቺን እናትሽ እየጠራችሽ ነውና ለአጨዳው ድረሺልን።